እኔና ቤቴ

ታች ጋይንት፣ ከአርብ ገበያ አጠገብ
ሰኔ 22 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ በእስቴ ለምትገኘው ለባለቤቴ ለወይዘሮ አልጣሽ፤

የኔ ዓለም፣ ሰላምታዬ እንደ ናፍቆቴ ብዛት ይድረስሽ። ይህን የሚያነብልሽ የእኅትሽ ባል ንጉሴ መሆኑን ስለማውቅ አስቀድሜ ለእሱ አንድ ቃል አለኝ። ንጉሴ፣ የዘወትር ጸሎት እንደሚያደርስ ሰው አትሩጥበት፤ ቀስ ብለህ አንብብላት። የሚያስቅ ቦታ ስትደርስም እሷ ሳትስቅ እንዳትስቅ። ለባለቤትህ ለላቀችም ሰላምታዬን አድርስልኝ። አራስ ናት እንዳልል ሕፃኑ ክርስትና ተነሥቷል፣ ድግሱም ተበልቶ ተጠጥቶ አልፏል ሲሉ ሰምቻለሁ። የአራስ ጠያቂዋ ግን ጥየቃዋን ገና አልጨረሰችም።

እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ገብሱን ዘርቼ ጨርሻለሁ፣ ባቄላው ቀርቶኛል፤ ዝናቡ ዘንድሮ ቀድሞ ገብቷል። ልጃችንን ጥር ላይ ከዳርን ወዲህ ቤቱ ለሁለታችን ሰፋን እንል ነበር። ለአንድ ሰው ምን ያህል እንደሚሰፋ አሁን አየሁት። በሬዎቹን አስሬ ስገባ አፌ ሳላዘው ስምሽን ይጠራል፣ ከዚያ ብቻዬን አፍራለሁ። እንጀራውን የጎረቤታችን የጥጋቡ ሚስት ትጋግርልኛለች፤ ወጡን ራሴ እሠራለሁ፤ ስለ ወጡ ሌላ ነገር አልጽፍልሽም።

ላማችን ዳልቻ ወለደች። ጥጃዋ ሴት ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፣ ብታያት ትወጃታለሽ። ዳልቻ ግን ለእኔ አልታለብ አለች። ስጠጋት ትራገጣለች፣ ማለቢያውን ቅል ሰበረችው፣ ወተቷንም ቋጥራ ያዘች። ሲቸግረኝ የዘወትር ነጠላሽን ከግድግዳው አወረድኩና ተከናንቤ ቀረብኳት። አሸተተችኝ፣ ትንሽ ተጠራጠረች፣ ከዚያ ለቀቀችው። እስከ ዛሬ የማልባት አንቺን መስዬ ነው። ጥጋቡ አንድ ቀን በአጥር ላይ አይቶኝ ለአገሩ ሁሉ አውርቶታል። ይህን ደብዳቤ ይዞልሽ የመጣውም እሱ ስለሆነ አፉ ሳይቀድመኝ ልንገርሽ ብዬ ነው። ንጉሴ፣ በቃህ፣ ቀጥል።

አሁን ወደ ምርጫው ልግባ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው በእሱ ምክንያት ነው። ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የቀረቡትን ሦስቱን ሰዎች አንቺም ታውቂያቸዋለሽ። እኔ እነሱን እንዴት እንደማያቸው ግን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አላጫወትኩሽም።

ወንድምሽ ግራዝማች ጣሰው፣ የምርጫ ምልክታቸው በሬ የሆነው፣ ቸር ሰው ናቸው። ከጾሙ በፊት ሁለት ሰንጋ ጥለው አገሩን አብልተዋል፣ እኔም በልቻለሁ፣ አልክድም። ግን አጥቢያ ዳኛ ሆነው የያዙት ነገር ሲቋጭ አይቼ አላውቅም። ከሳሽም ተከሳሽም ደጃቸው ላይ ሲመላለሱ ያረጃሉ። ባዶ እጁን የመጣማ ዛሬ አልተመቸኝም ተብሎ ይመለሳል። እኒህ ሰው አዲስ አበባ ተቀምጠው ሕግ ሲያወጡ ሳስበው ለሕጉም ቀጠሮ የሚሰጡት ይመስለኛል።

የአጎቴ ልጅ አበጀ ምልክቱ ሰዓት ነው። በልጅነቱ ከዚህ ወጥቶ ተማረ፤ መማሩ ሁላችንንም አኩርቶናል። ግን ለገዛ እናቱ ተዝካር አልመጣም። አሁን ለምርጫው በመኪና መጥቶ አንገቴ ላይ ተጠመጠመና "ወገኔ" አለኝ። ስሜ ጠፍቶበት ነው። አንድ ጥላ ሥር ተቀምጠን ፊደል የቆጠርን ልጆች ነን እኮ። እኔም ለክፋት ስሜን ሳልነግረው ሸኘሁት።

ቀኛዝማች እንየው ባለ ጃንጥላው ደግሞ ባለፈውም ተመርጠው ሄደው የነበሩ ናቸው። እዚያ ምን ተናገሩልን ብለው ቢጠይቋቸው ወንበሩ ምቹ እንደነበር ነው የሚያስታውሱት። ክፉ አልሠሩም። ሌላም ነገር አልሠሩም።

ከሦስቱ አንዱንም አልወደድኩም። ይህ ኃጢአት አይመስለኝም። ጣጣው የመጣው በግንቦት፣ በዚያ እሑድ፣ በማርያም ሰንበቴ ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ መንደሩ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ከሚናከስ እዚሁ በአንድ ልብ እንስማማ ብለው አባወራውን በተራ በተራ አስነሡ። አንዱ ቤቴ ለበሬው ነው ይላል፣ ሌላው ቤቴ ለሰዓቱ ነው ይላል። የእኔ ተራ ሲደርስ ተነሥቼ፣ "እኔና ቤቴ ለአንዳቸውም አንቆምም፤ የምርጫው ሣጥን ዘንድም አንደርስም" አልኩ። ግራዝማች ፊታቸው ጠቆረ። አበጀም ሰዓቱን አየ። እኔ ደግሞ ጀግንነት የሠራሁ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካክዬ ተቀመጥኩ።

የመሰለኝን ልንገርሽ። ሰንበቴ የቤት ነው፤ ተራችን ሲደርስ እኔ ብታመም አንቺ ዳቦውን ተሸክመሽ ትመጪያለሽ፣ ቤቱ አመጣ ይባላል፣ ማን እንደተሸከመው የሚጠይቅ የለም። ምርጫውንም እንደ ሰንበቴው ዳቦ ነበር ያየሁት። በሚያዝያ አብረን ሄደን ስንመዘገብ ለእኔም ለአንቺም ለየብቻ ካርድ ሲሰጡን ለምን ሁለት ሆነ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ሁለቱንም ወስጄ ዳዊቴ ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

አንቺ በሴቶቹ በኩል ቁጭ ብለሽ ትሰሚ ነበር። ቤት ገብተን ራት አቀረብሽ። ከዚያ መሶቡን ስታነሺ፣ "አንቱ፣ ቤቴ ያሉት ማን ማንን ነው?" አልሽኝ።

ስትቆጪ አንቱ እንደምትዪኝ እኔ ካላወቅሁ ማን ሊያውቅ ነው። በሰላሙ ቀን አንተ ነኝ፤ በሬዬ የሰው ማሳ ሲበላብኝ፣ ከሠርግ ሞቅ ብሎኝ ስገባ አንቱ እሆናለሁ። የተቆጣሽበትን ግን አላወቅሁም። ለወንድምሽ መስሎኝ፣ "የግራዝማች ነገር አንገብግቦሽ ነው" ብዬ መለስኩልሽ። ትንሽ አየሽኝና መሶቡን ይዘሽ ገባሽ። በማግሥቱ ቅቤውንና ማሩን ቋጥረሽ፣ ላቀች ወልዳለች አራስ ልጠይቅ ብለሽ ወጣሽ። እኔ በራፍ ላይ ቆሜ አትሂጂ ማለት ሲያቅተኝ፣ እጄ ላይ ያለውን ጅራፍ የት ጣልኩት እያልኩ እፈልግ ነበር። ስትርቂም አየሁሽ። ዞር ብትዪ ኖሮ እሮጥ ነበር፤ አልዞርሽም።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ወሬው መጣ። የወንድምሽ ወገን፣ አልጣሽ ባሏን ትታ የወንድሟን ወገን ይዛለች ይላል። የአበጀ ወገን፣ ደምሌ ለአጎቱ ልጅ ብሎ ሚስቱን ሰደዳት ይላል። እኔ ለማንም አልቆምም ብዬ ነበር፤ ጭራሽ በሁለት በኩል ተሰለፍኩላቸው። ዝም ባልኩ ቁጥር ዝምታዬን ሁሉም ወደ ራሱ እየተረጎመ ይሄዳል። ሰው ድምፁን ቤቱ አስቀምጦ ቢቀርም ሌላው አንሥቶ እንደሚጠቀምበት ያኔ ገባኝ።

ሲጨንቀኝ የነፍስ አባታችን መምሬ ቀለመወርቅ ዘንድ ሄድኩ። ከሦስቱ ልቤ ያረፈበት የለም፣ ብቀር ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ አልኳቸው። እሳቸውም የደብሩን አለቃ ስንመርጥ መልአክ ቀርቦልን እንደነበር ጠየቁኝ። አልቀረበም አልኩ። ታዲያ ካሉት ሰዎች ከርሞ የማያጣላንን ፈልገን አልሾምንም ወይ አሉኝ። እሱስ እውነት ነው። ከዚያ፣

"ባለቤትህስ ምን ትላለች?" አሉኝ።

"እሷማ ወንድሟን ነው የምትመርጥ።"

"ነገረችህ?"

"ይኸ መንገር ያሻዋል እንዴ አባቴ?" አልኩ።

መስቀላቸውን አሳልመውኝ ዝም አሉ። ዝምታቸውንም እንደ ሌላው ሰው ወደ ራሴ ተረጎምኩትና እያሰብኩ መጣሁ። አልጣሽ የተቀየመችኝ ለወንድሟ ነው፤ እንግዲያስ የእሷን ካርድ ለወንድሟ ብሰጥላት፣ ወሬውም እስቴ ድረስ ቢደርስላት፣ ትታረቀኛለች አልኩ። የራሴን ካርድ ደግሞ ሳልሰጥ እመለሳለሁ፣ ሰንበቴ ላይ የተናገርኩትም አይፈርስም። አየሽ፣ እንዴት ያለ ዘዴኛ ባል እንዳለሽ።

ባለፈው ዓርብ፣ በገበያው ቀን፣ ሁለቱንም ካርድ ይዤ ወረድኩ። ጥጋቡም አብሮኝ ነበር። ዝናቡ ያካፋል፣ ድንኳን ተተክሏል፣ ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል ተሰልፈዋል። ተራዬ ሲደርስ ከአውራጃ ለመጣው ወጣት ጸሐፊ ካርዶቹን ዘረጋሁለት። ይኸ የባለቤቴ ነው፣ ለበሬው አድርግልኝ፤ ይኸኛው የእኔ ነው፣ ተወው፣ እመልሰዋለሁ አልኩት። ጸሐፊው ካርድሽን አነሣና ስምሽን ከነአባትሽ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ከፍ አድርጎ ጠራው።

እኔ ስምሽን እንደዚያ ተጠርቶ ሰምቼው አላውቅም። የደምሌ ሚስት ሲሉሽ፣ የግራዝማች እኅት ሲሉሽ፣ የእገሊት እናት ሲሉሽ ነው የምሰማው። ሰዉ ዞር ዞር ብሎ ፈለገሽ። እኔም፣ አትሳቂብኝ፣ ዞሬ ፈለግሁሽ።

"የለችም፤ እኔ አለሁላት" አልኩት።

"እርስዎ ለራስዎ ነው ያሉት፣ አባቴ" አለኝና ካርድሽን መለሰልኝ።

ጥጋቡ ከኋላዬ ሆኖ፣ "ዳልቻ ብትሸነገልልህ ጸሐፊውም የሚሸነገል መሰለህ?" ሲል ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። የነጠላውን ወሬ ያልሰማ ሰው አልነበረም። እኔም ከመሳቅ በቀር ምን አደርጋለሁ፣ ሳቅሁ።

ሀዋ ብቻ አልሳቀችም። ሻሽና ጨው የምትሸጥልሽ ሀዋ፣ የአሚን ሚስት፣ በሴቶቹ ሰልፍ ካርዷን ይዛ ቆማ ነበር። ከሰልፍ ወጥቼ በአጠገቧ ሳልፍ ጠራችኝ።

"አያ ደምሌ፣ ለበሬው አድርግልኝ ያልከው አልጣሽ ብላህ ነው?"

"ወንድሟ አይደሉ?"

"ወንድሟስ ናቸው። ግን ሱቄ ተቀምጣ ስንት ጊዜ ነግራኛለች። እንደ ወንድም እወደዋለሁ፣ የሰው ጉዳይ ግን አልሰጠውም ነው የምትል።"

"ታዲያ ማንን ልትመርጥ ኖሯል?" አልኳት።

"እሱንማ እኔ እንዴት አውቄ። ባሏ አንተ። አልጠየቅሃትም እንዴ?"

ይህን ብላ ተራዋ ደረሰና ገባች። አሚን ጨዋቸውን ከዝናቡ ሸፍኖ ውጭ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ስትወጣ ማንን መረጥሽ አላላትም፤ ዘንቢሏን አቀበላትና ወደ ገበያቸው ሄዱ። እኔ ግን እዚያው ድንኳኑ ፊት ለፊት ካለው ወይራ ሥር ብዙ ቆየሁ። ጥጋቡ ቢጠራኝ፣ ቀድመህ ሂድ አልኩት።

አልጣሽ፣ የትኛውን እህል የትኛው ማሳ እንደሚወደው ስንመካከር ኖረናል። ልጃችንን ለማን እንደምንድር ተማክረናል፤ አንቺ እምቢ ያልሽውን ትቼ አንቺ ያልሽውን መርጬ ነው ዛሬ ልጃችን ደህና ትዳር ውስጥ ያለችው። ላም ስንገዛ እንኳ ጥርሷን የምታዪው አንቺ ነሽ። ለዚህ ግን አፌ አልተፈታልኝም። ምን ታስቢያለሽ ብዬሽ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ከእኔ ጋር አንድ ሆነሽ ትገኚ ነበር። ምናልባትም አትሆኚም ነበር። አንቱ ያልሽኝ ለዚህ ኖሯል።

የራሴን ካርድም አልሰጠሁም፤ አሁንም ዳዊቴ ውስጥ ነው። ሦስቱን ዛሬም አልወዳቸውም፤ ቢያንስ በዚህ አልተለወጥኩም። ግን አልቀርም። ሰንበቴ ላይ የተናገርኩትን ራሴ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆሜ፣ ያልኩት የራሴን ነው፣ እሱንም ትቼዋለሁ እላቸዋለሁ፤ ቢስቁም ይሳቁ፣ ዘንድሮ ለምጄዋለሁ። ከማልወዳቸው ሦስት ሰዎች የተሻለውን ለመለየት ግን ሰው ቁጭ ብሎ መማከር አለበት። እኔ ካንቺ በቀር የምማከረው ሰው የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም።

ስለዚህ በቅሎዋን በጥጋቡ እጅ ልኬልሻለሁ። ካርድሽን በጨርቅ ጠቅልዬ ሰጥቼዋለሁ፤ ገና ሲደርስ ተቀበይውና አንቺው ያዥው። ጃንጥላም አለ። የቀኛዝማች እንየው ምልክት ነው ብለሽ እንዳትተዪው፣ ዝናብ ነው። ሣጥኑ እስከ አማኑኤል ይቆያል። ወንዞቹ ሳይሞሉ ዓርብ ማለዳ ብትነሡ፣ ስማዳ አድራችሁ በጊዜ ትደርሳላችሁ። እኔ የአማኑኤልን ቅዳሴ አስቀድሼ ከዚያው ወይራ ሥር እቀመጣለሁ። ጸሐፊው ስምሽን ሲጠራ አለሁ በይልኝ፤ እሱን መስማት ነው የምፈልገው።

ድምፅሽን ከሰጠሽ በኋላ በቅሎዋን ወዳሻሽ አዙሪያት። ወደ ቤት ካዞርሻት እኔ በእግሬ ከኋላ እከተልሻለሁ። ወደ እስቴ ካዞርሻትም ጥጋቡ መልሶ ያደርስሻል፤ አዝናለሁ እንጂ አልቆጣም። ማዘኔን ግን ልደብቅሽ አልችልም፤ ናፍቀሽኛል፣ በጣም ናፍቀሽኛል። ዳልቻም በነጠላ መሸንገሏን የነቃችብኝ ይመስለኛል፤ ሰሞኑን ወተቷን እየቀነሰች ነው።

እመቤቴ መንገዱን ታድርቅልሽ፣ ወንዙን ታሳንስልሽ። የላቀችን ልጅ ታሳድግላት፣ ለንጉሴም አንደበቱን ታለስልስለት፤ ብዙ አስነበብኩት።

ነጠላሽን ለብሶ ላም የሚያልበው ባልሽ
ደምሌ

ይህችን መጨረሻ ንጉሴ ዝቅ ባለ ድምፅ ያንብብልሽ። ጸሐፊው ሰው የመረጠውን ለማንም የመናገር ግዴታ የለበትም ብሏል፤ ሚስትም ለባሏ ቢሆን። እኔም ይህን ሰምቼ ላልጠይቅሽ አስቤ ነበር፤ ደብዳቤውን ከዘጋሁት በኋላ ግን አላስችል ብሎኝ መልሼ ከፈትኩት። አልጣሽ፣ አንቺ ማንን ትመርጪያለሽ? ካልፈለግሽ አትንገሪኝ። መጠየቄን ብቻ እወቂልኝ።